ታላቁ ሰው ያልበላው ወታደር

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ልጅቱ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ፣ አባቷ ቁም ሣጥኑ ፊት ቆሞ ቁም ሣጥኑን ሲያስተምር አገኘችው። ከላይ ለትልቅ ቀን ብቻ የሚወጣውን ግራጫ ኮት ደርቦ ክራቫቱን አጥብቋል፤ ከታች ግን ገና ፒጃማውን አልቀየረም። «የተከበራችሁ ታዳሚዎች» ይላል ለመስታወቱ፣ «የታላላቆችን ጨዋታ ስናጠና መጀመሪያ የምንማረው ትዕግሥትን ነው።» ቆም ይልና ራሱን ታዝቦ፣ «መጀመሪያ» የምትለዋን ቃል አውጥቶ እንደገና ይጀምራል። ሰው እንዲህ ሲዘጋጅ ማየት ደስም ያሰኛል፣ አንጀትም ይበላል። ልጅቱ እንዳላየች ሆና ልታልፍ ስትል በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። እሱ እቴ፣ ምን ሊያፍር! «ድምፄ ኋላ ወንበር ድረስ ይሰማል?» ብሎ ጠየቃት። «ጎረቤትም ይሰማል፣ አባባ» አለችው።

አባቷ ጡረታ የወጣ ፋርማሲስት ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሐኪሞች በጥድፊያ የሞነጫጨሩትን እያነበበ መድኃኒት ሲያድል አንድም ቀን አልተሳሳተም፤ ይህንንም ላልጠየቀው ሰው ሁሉ ይናገራል። ከመድኃኒት ቀጥሎ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ቼዝ ነው። በወጣትነቱ የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ወደ ቤት መውሰድ ክልክል ስለነበር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ ከአንድ ወፍራም መጽሐፍ ስልሳ የታላላቆች ጨዋታ በእጁ ገልብጧል። ባለ ካሬ ደብተር ነው፤ በዚያ ቤት ከቴሌቪዥኑም ከፍሪጁም በላይ የሚጠበቅ ዕቃ እሱ ነበር። አጠናኑም የራሱ ነው። ገጹን በባዶ የመድኃኒት ካርቶን ይሸፍንና፣ ካርቶኑን መስመር በመስመር ወደ ታች እየሳበ የሚቀጥለውን እርምጃ ሳያይ ይገምታል። ካገኘው ዝም ይላል። ከሳተው «ለምን?» ይላል። ይቺ «ለምን?» የመጣች ቀን ምሳው ቀዝቅዞ ተሞቆ እንደገና ይቀዘቅዛል። ሁለቱ ልጆቹም ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት ካርቶኑ ሥር ያለውን መገመት ለምደዋል።

ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ላይ በሠራተኞች ማኅበር አዳራሽ የሚሰበሰበው የቼዝ ክበብ ንግግር እንዲያደርግ ጋብዞታል። ለክበቡ ከተመዘገበ አስራ አንድ ዓመቱ ነው፤ እስካሁን ወንበር ደርድር ከማለት በቀር ሌላ ነገር ያለው አልነበረም። አሁን ግን «ከታላላቆች ጨዋታ ምን እንማራለን?» የሚል ወረቀት በር ላይ ተለጥፎለታል፤ የዘንድሮዋ ሻምፒዮና ራሷ እንደምትመጣም ሰብሳቢው ደውሎ ነግሮታል። ከዚያ ስልክ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ በቅጡ አልተኛም። የንግግሩ እምብርት ዐርባ አንደኛው ጨዋታ ነው። ስም ያለው ጨዋታ አይደለም፤ አባቷ ግን ከስልሳዎቹ ሁሉ አስበልጦ የሚወደው እሱን ነው። በጨዋታው መሐል የነጩ አንድ ወታደር ሜዳው መካከል ጠባቂ አጥቶ ይቆማል። የጥቁሩ ንግሥት ብትበላው በሰያፍ የነጩን ንጉሥ «ኪሽ» ብላ ታስፈራራለች፤ ንጉሡ ሲሸሽ እሷ የበላችውን በልታ በሰላም ትመለሳለች። በጥቁር የሚጫወተው ግን አባቷ «ታላቁ ሰው» የሚለው ዝነኛ ተጫዋች ነው፤ ወታደሩን ዞር ብሎም አላየውም። ለምን? አባቷ ይህን «ለምን» ዕድሜ ልኩን ሲያመነዥከው ኖሮ አንድ ትምህርት አውጥቶለታል። ታላቅ ሰው በነጻ የተሰጠውን አይወስድም፣ ይላል። ይህን ትምህርት ለመድኃኒት ቤት ረዳቶቹ፣ ለልጆቹ፣ የቤቱን ቧንቧ ሊጠግን ለመጣ ሰው ሳይቀር አስተምሯል።

ቁርስ ላይ ሳሉ በሩ ተንኳኳ። ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ቱታውን እንደለበሰ፣ አራት ፎቅ በእግሩ ወጥቶ ቁና ቁና ይተነፍሳል። የሰው ሊፍት ሲጠግን የሚውል ሰው፣ አባቱ የሚኖርበት ሕንፃ ሊፍት የሌለው መሆኑ ለጓደኞቹ የዘወትር መሳቂያ ነው። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አቀበላት።

«ምንድን ነው?»

«ያ መጽሐፍ ነው፣ የደብተሩ እናት። አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥ ሰውዬ ጋ አየሁት። ዛሬ አይደል ንግግሩ? ስጪው።»

«ግባና ራስህ ስጠው እንጂ። ሦስት እርምጃ እኮ ነው።»

«ረፍዶብኛል፤ አንቺ ስጪው። አስር ሰዓት ተኩል ላይ በመሥሪያ ቤቱ መኪና መጥቼ አደርሳችኋለሁ።»

ከውስጥ አባቷ «ማነው?» አለ። «እሱ ነው» አለችው። «ደህና ነው ወይ በይው» አለ። ወንድሟ ሰምቷል፤ የሰማውን ግን በእሷ በኩል «ደህና ነኝ በይው» ሲል መለሰ። እሷም አደረሰች። እንዲህ ነው የሚነጋገሩት። ጠብ የለም፣ ኩርፊያ የሚባልም የለም፤ ስለ ውሃ ታንከር፣ ስለ መኪና ጎማ፣ ስለ አየሩ ሁኔታ ይጫወታሉ። ከዚያ ያለፈ ነገር ሲመጣ ግን ሁለቱም ሥራ ያገኛሉ። ልጅቱ ከልጅነቷ ጀምሮ በመሐላቸው ወሬ ስታመላልስ ኖራለች፤ ሥራዬ ብላ መቁጠር ከጀመረችም ቆየች። መጽሐፉን ከሰዓት በኋላ፣ ከንግግሩ በፊት በደህና ወረቀት ጠቅልላ ልትሰጠው አሰበችና ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወጣች።

ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ናት። የአራሚዎቹ ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሁለት ጠረጴዛ ተገጣጥሞበታል፣ አንድ መስኮት አለው፣ ከታች ማሽኖቹ ሲንቀሳቀሱ ብርጭቆ ውስጥ ያለው ውሃ ይርገበገባል። ሥራው በጥንድ ነው። አንዱ ዋናውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው ለኅትመት የተለቀመውን ቅጂ በቀይ እስክሪብቶ ይከተላል። አንባቢው ቃሉን ብቻ ሳይሆን ሥርዓተ ነጥቡን ሁሉ በድምፅ ይጠራል። የእሷ ጥንድ ይህን ሥራ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራ ሽማግሌ ነው፤ ልማዱ አልለቀው ብሎ ከሰው ጋር ሲያወራም «አራት ነጥብ» ብሎ ይጨርሳል፤ በዚህም የተነሣ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ስሙን ረስቶ «አራት ነጥብ» ይለዋል። ጠዋቱን ሙሉ ስለ ንብ ማነብ የተጻፈ መመሪያ አነበበላት። «ቀፎው ከነፋስ የተከለለ መሆን አለበት አራት ነጥብ ንግሥቲቱ ነጠላ ሰረዝ በተለይ በመጀመሪያው ወቅት ነጠላ ሰረዝ መረበሽ የለባትም አራት ነጥብ።» ንግሥት ሲል የአባቷ ንግግር ትዝ እያላት ሁለት ጊዜ መስመር ጠፋት፤ እሱም ሁለቱንም ጊዜ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አያት።

ምሳ ሰዓት ላይ መጽሐፉን ከጋዜጣው ፈታችው። ጠርዙ ተበልቷል፣ ገጾቹ ቢጫ ሆነዋል፣ ፊደሉ ግን ጥርት ያለ ነው። ዐርባ አንደኛውን ጨዋታ ፈልጋ አገኘችና፣ ከደብተሩ የምታውቀውን ታትሞ ስታየው የጎረቤት ሰው ቴሌቪዥን ላይ ያየች ያህል ፈገግ አለች። ጨዋታውን እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ በቃሏ ታውቀዋለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ወረደች። እስከ ሃያ ሁለተኛው ድረስ አንድም ልዩነት የለም። ሃያ ሦስተኛው ላይ ግን የነጩ ንጉሥ አንድ ቤት ወደ ጥግ ይጠጋል፤ የጥቁሩ የዳር ወታደር ደግሞ አንድ እርምጃ ይገፋል። እንዲህ ያለ መስመር በደብተሩ ውስጥ የለም። እሷ ሃያ ሦስተኛ ብላ የምታውቀው መጽሐፉ ውስጥ ሃያ አራተኛ ነው፤ ከዚያ በኋላም ሁሉም አንድ አንድ ቁጥር እየቀደመ እስከ መጨረሻው ይሄዳል።

እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። አራሚ የሌላ ማተሚያ ቤት ስህተት ስታገኝ ልቧ ሞቅ ይላል፤ ቀይ እስክሪብቶዋንም አንሥታ ነበር። ወዲያው ግን እጇ አየር ላይ ቀረ። ሃያ ሁለተኛውና ሃያ ሦስተኛው መስመር ሁለቱም የሚያልቁት በዚያው በዳሩ ወታደር ነው። በእሷ ሙያ ይህ የታወቀ ወጥመድ ነው። የሚገለብጥ ሰው ዓይኑን ወደ ደብተሩ ዝቅ ያደርጋል፤ ሲመለስ የመጨረሻዋን ምልክት ይፈልጋል፤ ከታች ተመሳሳይዋን ያገኝና የቀደመችዋ መስሎት ይቀጥላል። መካከል ላይ ያለው መስመር ይዋጣል። ልጅቱ በቀን ሁለት ሦስቴ የምትይዘው ስህተት ነው። «አባባ አይሳሳትም» አለች ለራሷ።

ከንቡ መመሪያ የተረፈ ወረቀት ገልብጣ ስልሳ አራት ቤት አሰመረች። አራት ነጥብ ቼዝ አይችልም፤ ነገር ግን ነገሩ ምን እንደሆነ የማወቅ ጉጉቱ ከምሳው በለጠበትና ወረቀት እየቀደደ ንጉሥ፣ ንግሥት፣ ጳጳስ እያለ ጻፈላት። ከዚያ መጽሐፉን ይዞ በሙያ ድምፁ አነበበላት፤ «ንጉሥ ወደ ጥግ አንድ ቤት አራት ነጥብ።» ንጉሡን አንድ ቤት አንቀሳቀሰችው። ከዚያ የጥቁሩን ንግሥት አንሥታ ያንን ወታደር አስበላቻት። ኪሽ የለም። ንጉሡ ከሰያፉ ወጥቷላ! አሁን ደግሞ የነጩ ተራ ነው፤ ጳጳሱ ካለበት ተነሥቶ የጥቁሩን ንጉሥ ኪሽ ይላል፤ በመነሣቱም ከኋላው የተደበቀችው የነጩ ንግሥት ከጥቁሯ ጋር ፊት ለፊት ትተያያለች። ጥቁሩ ንጉሡን ሲያድን ንግሥቱን ያጣል። ልጅቱ ሁለት ጊዜ ደጋገመችው። ታላቁ ሰው ያንን ወታደር ያልበላው ወጥመድ ስለሆነ ነው። ጥልቅ ነገር የለውም፤ ማንም ክበብ ውስጥ ያለ ተጫዋች የሚያየው ነው። ንጉሡን መልሳ ደብተሩ ውስጥ ባለበት ቦታ ስታስቀምጠው ደግሞ ወታደሩ በእርግጥም በነጻ የሚበላ ነበር።

ይህን ጊዜ ነው ወንድሟ ትዝ ያላት። ያኔ እሱ አስራ ስድስት፣ እሷ አስራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ሁለት እንግዶች ባሉበት አባቷ ይህንኑ ጨዋታ ዘርግቶ ሲያስረዳ፣ ወንድሟ ሰሌዳውን ረጅም ጊዜ አይቶ «አባባ፣ ይሄ እኮ በነጻ ነው። ኪሽ ብላ በልታው ትመለሳለች» አለ። አባቷም «አንተ ከታላቁ ሰው ትበልጣለህ?» አለው። እንግዶቹ ሳቁ። ልጁ «አልበልጥም፤ ግን ይበላል» አለ። «ውጣ እስኪ፣ ሄደህ አስብና ስትመለስ ንገረኝ» አለው። ልጁ ወጣ። ሲመለስ አስቦበት ይሁን ሳያስብበት አይታወቅም፤ ብቻ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአባቱ ጋር ሰሌዳ ፊት ተቀምጦ አያውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። ልጅቱ እስከ ዛሬ ወንድሟ ኩሩ ስለሆነ ነው ትል ነበር። ለካ ልክ ስለነበረ ነው።

ለአራት ነጥብ ሁሉንም ነገረችው። ንግግሩ ዛሬ መሆኑን፣ ሻምፒዮናዋ መኖሯን፣ አባቷ ለቁም ሣጥኑ ሲናገር ማርፈዱን። «ብነግረው ቅስሙ ይሰበራል። ባልነግረው ደግሞ ሰው ፊት ሊዋረድ ነው፤ ሻምፒዮናዋ ታየዋለች።» መጽሐፉን እስከ ነገ ደብቃ ብታቆየውስ? ማን ያውቃል፣ ሰው አክብሮት ዝም ሊል ይችላል። አራት ነጥብ የቀረውን እንጀራ በወረቀት ጠቀለለና ወደ ወለሉ ጠቆመ፤ ከታች ማሽኑ ቆሟል፤ ሠራተኞቹ ምሳ ላይ ናቸው። «ማሽኑ ሳይነሣ ስህተት ብታገኚ ምን ታደርጊያለሽ?» አላት። «እሮጣለሁ» አለች። «ታዲያ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ? አራት ነጥብ።»

አስፈቅዳ ወጥታ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቤት ደረሰች። አባቷ አሁን ሱሪውንም ለብሶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ ሶፋው እንዳያጨማድደው ጠርዙ ላይ ተቀምጧል። መጽሐፉን ስታሳየው እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ተቀበለው። ሽፋኑን ዳበሰ፣ ጠርዙን አየ፣ አሸተተው። «ከየት አገኘሽው?» አለ። «ወንድሜ ነው የገዛልህ» አለችው። ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ማንም ሳይነግረው ዐርባ አንደኛውን ገለጠ፤ ካርቶኑንም አመጣ። በቃሉ የሚያውቀውን ጨዋታ እንደ አዲስ እየሸፈነ፣ እየገመተ፣ ካርቶኑን እየሳበ ወረደ። ልጅቱ እጇን ጭኗ መሐል ከትታ ቁጥሩን ትቆጥራለች። ሃያ አንድ። ሃያ ሁለት። ሃያ ሦስተኛውን ጮክ ብሎ ተናገረና ካርቶኑን ሳበ።

«አታሚዎቹ ተሳስተዋል» አለ።

«አልተሳሳቱም፣ አባባ።»

አላመናትም። ሰሌዳውን ዘረጋ፤ ንጉሡን አንድ ቤት ወደ ጥግ ወሰደው፤ ወታደሩን በንግሥት በላ፤ ጳጳሱን አነሣ። ተነሥቶ ደብተሩን አመጣና በራሱ እጅ የተጻፈውን ገጽ ከታተመው ጎን አኖረው። ሃያ ሁለተኛውን መስመር በጣቱ ተከተለ፤ እዚያው ወታደር ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። «ዓይኔ ዘለለ» አለ ቀስ ብሎ። ፊቱ ጥቁር ብሏል። «የሐኪም ጽሑፍ እያነበብኩ… አንድ ቀን እንኳ…» ጀመረና አልጨረሰውም። ልጅቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቷ አርጅቷል ብላ አሰበች፤ አንጀቷን በላው።

«ሌላ ሃምሳ ዘጠኝ ጨዋታ አለህ እኮ» አለችው። «ይሄኛውን ዝለለውና ስለ ሌላው ተናገር።»

«ወንድምሽ ያውቃል?»

«አይመስለኝም። ካቆመ ወዲህ የቼዝ መጽሐፍ ገልጦ አያውቅም።»

አባቷ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ የመኪና ጥሩንባ እስኪሰማ ድረስ ሁለቱን ገጾች ሲያስተያይ ቆየ። ሊፍት የሌለውን ደረጃ መጽሐፉን በብብቱ ይዞ ወረደ። መኪና ውስጥ ወንድሟ ወደፊት እያየ «ወደድከው?» አለ፤ አባቷም በመስኮት እያየ «ወደድኩት» አለ። ከዚያ ስለ መንገዱ መጨናነቅ ተነጋገሩ። ልጅቱ ከኋላ ተቀምጣ የአባቷን ማጅራት ስታይ ምን እንደሚያደርግ ልትገምት ሞከረች። አልቻለችም።

አዳራሹ ውስጥ ዐርባ ያህል ወንበር ተደርድሯል፤ ተጣጣፊ ናቸው፤ አንዱ ሲቀመጡበት ይጮኻል፤ ያ ወንበር ለዘገየ ሰው የተተወ ነው። ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ በማግኔት የሚለጠፉ ቁራጮች ያሉት ትልቅ የቼዝ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሰብሳቢው ስለ ክበቡ ዓመታዊ ዕቅድ አንድ ሩብ ሰዓት ከተናገረ በኋላ «ጋሼን እንጋብዛለን» አለ። ሻምፒዮናዋ ፊተኛው ረድፍ ላይ እጇን አጣምራ ተቀምጣለች፤ በባንክ ገንዘብ ተቀባይ ናት ይላሉ፣ ፊቷ ላይ የሚነበብ ነገር የለም። ወንድሟ «መኪናውን ላቁም» ብሎ ወጥቶ ነበር፤ ኋላ ልጅቱ ዞር ስትል በሩ ጋ ተደግፎ ቆሞ አየችው።

አባቷ መጀመሪያ ትንሽ ተንተባተበ፤ ከዚያ ድምፁ ተስተካከለ። ደህና ተናገረ። እርምጃውን ሸፍኖ መገመት ምን እንደሚጠቅም፣ ራስህ ልታደርገው የምትፈልገውን ከማሰብህ በፊት ባላጋራህ ምን ፈለገ ብለህ መጠየቅ እንዳለብህ፣ ታላላቆቹ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ቁራጭ ሲያዩ እንዴት ሥራ እንደሚፈልጉለት በምሳሌ አሳየ። ሰዉ ማስታወሻ ይይዛል። ልጅቱ እፎይ አለች፤ ዐርባ አንደኛውን ዝሎታል ስትል ደግሞ አባቷ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ቁራጮቹን መደርደር ጀመረ። ንጉሡ የት እንደሚቀመጥ ዓይኗን ተክላ ጠበቀች። ጥጉ ላይ አላስቀመጠውም። በደብተሩ ቦታ አስቀመጠው።

«የጥቁር ተራ ነው» አለ አባቷ። «ምን ይጫወታል?»

ሻምፒዮናዋ ብዙም አላሰበችም። «ንግሥቲቱ ወታደሩን ትበላለች። ኪሽ ስላለው ይመለሳል። አንድ ወታደር በነጻ ነው።»

«ታላቁ ሰው ግን አልበላም» አለ አባቷ፤ ስሙንም ጠራው።

ሻምፒዮናዋ ወደ ፊት ዘንበል ብላ እንደገና አየች፤ ግንባሯ ተቋጠረ። «እንግዲህ… እሱ ያየው ነገር ይኖራል» አለች። አንድ ሰው ከኋላ «ንግሥቲቱ ከመሐል ርቃ ጊዜ እንዳታባክን ይሆናል» አለ። ሌላው «ለመጨረሻው ጨዋታ አስቦ ነው» አለ። ሦስተኛው የሥነ ልቦና ጉዳይ ነው ብሎ ረዘም አድርጎ አብራራ፤ ጥቂት ሰዎችም ጻፉት። አባቷ አንዱንም ሳያቋርጥ በጉጉት እያዳመጠ እያንዳንዳቸውን አመሰገነ። አምስት ደቂቃ ያህል እንዲህ ሄደ። ልጅቱ መሬት ተከፍታ ብትውጣት አትጠላም ነበር።

«ሁላችሁም የተናገራችሁትን እኔም ብዬዋለሁ» አለ አባቷ በመጨረሻ። «ምክንያቱ ግን አንዱም አይደለም። ይህ ቦታ በታላቁ ሰው ጨዋታ ላይ አልነበረም። ከመጽሐፍ ስገለብጥ አንድ መስመር የዘለልኩት እኔ ነኝ። ንጉሡ እዚያ ጥግ ላይ ነበር፤ እዚያ ሲሆን ወታደሩ ወጥመድ ነው። እዚህ ሲሆን ደግሞ እሷ እንዳለችው ነው፤ በነጻ ይበላል።» ሰዉ ሳቀ፤ ያ የሥነ ልቦናው ሰውዬም ሳቀ። ሻምፒዮናዋ ፊቷን በእጇ ሸፍና ራሷን ነቀነቀች። አባቷ ግን አልሳቀም። ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ፣ «እሷ በዓይኗ አይታ ነበር» አለ። «ስሙን ስትሰማ ያየችውን ተወችው። ከታላላቆች ስንማር የሚያጋጥመን ይሄ ነው፤ እኔ ደግሞ የተረዳሁት ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ስሙን እየሰማ ያየውን ያልተወ አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ። አስራ ስድስት ዓመቱ ነበር። ከታላቁ ሰው ትበልጣለህ ወይ ብዬ እንግዳ ፊት አሳፍሬ አስወጣሁት። በሩ ጋ ቆሟል።»

ሰዉ ሁሉ ዞረ። ወንድሟ ከበሩ ቀና አለ፤ ለአፍታ ወደ ውጭ የሚወጣ መሰላት። «ና» አለ አባቷ፤ እንደ ትእዛዝ አልነበረም። ወንድሟ በወንበሮቹ መሐል ቱታው እየተንኮሻኮሸ መጣ፤ እጁ ላይ የግራሶ ቅባት ጥቁረት ነበረበትና ቁራጭ ከመንካቱ በፊት በሱሪው ጠረገው። የጥቁሩን ንግሥት አነሣ፤ ወታደሩን በላ። «ኪሽ» አለ፤ ድምፁ ብዙም አልወጣም። አባቷ ንጉሡን ወደ ጥግ አሸሸው። ወንድሟ ንግሥቱን ወደ ቤቷ መልሶ የበላውን ወታደር እጁ ውስጥ ይዞ ቀረ።

አባቷ እጁን ዘረጋለት።

«ገና እኮ ነው» አለ ወንድሟ እጁን እያየ። «አንድ ወታደር ብቻ ነው የበለጥኩህ።»

«እጄን የዘረጋሁት ለዚህኛው ጨዋታ አይደለም» አለው።

ወንድሟ ጨበጠው። እንደተጨባበጡ ቆዩ፤ በሁለቱ መሐል ቃል የሚያመላልስ ሰው አላስፈለገም። ሰብሳቢው ያጨብጭብ አያጨብጭብ ግራ ገብቶት እጆቹን አጠገብ ለአጠገብ ይዞ ቀረ። ልጅቱ እንባዋ መጣ፤ አላፈረችበትም። ጥቂት ቆይቶ አባቷ ጉሮሮውን ጠርጎ የቀረውን ሊናገር ወረቀቱን አነሣ፤ ገና ሁለት ገጽ አለው። ወንድሟ ግን ከሰሌዳው አልራቀም። ወታደሩን እጁ ላይ እያገላበጠ ነጮቹን እያየ ነበር።

«አባባ፣ ተራው ያንተ ነው» አለ።

አባቷ ወረቀቱን አጥፎ ኮቱ ኪስ ከተተና ወደ ሰሌዳው ዞረ።